በተቆረጠው መስመር የሄደው ፋክስ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ቀድማ የምትስቀው ነኝ፣ አክስቴ «የጠራሽን ሰው ሳታዪ አቤት አትበይ፣ ሙት ከሆነ ይወስድሻል» እያለች ስታሳድገኝ ሆን ብዬ ባዶ ጓሮ ውስጥ «አቤት! አቤት!» እያልኩ ደሟን አፈላ የነበርኩ ልጅ ነኝ፣ ካደግኩ በኋላ ደግሞ እንጀራዬ ኮምፒውተር ሆነ፣ ኮምፒውተር ሲበላሽ ምክንያት አለው፣ ቁጭ ብሎ መፈለግ ብቻ ነው የሚፈልገው። እና አሁን የማወራችሁን ነገር ሌላ ሰው ቢያወራኝ ኖሮ ምን እንደምለው አውቃለሁ። እናንተም በሉኝ፣ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

የምሠራው አንድ ትንሽ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው፣ አሁን ቡልጋሪያ ሰፈር ገብተናል፣ ያኔ ግን ካዛንቺስ ነበርን፣ ዙሪያችን ያለው ሰፈር ፈርሶ የእኛ ሕንፃ ብቻዋን ቀርታ ነበር። የኔ ሥራ ኮምፒውተሮቹንና፣ አትሳቁ፣ ፋክሱን መጠበቅ ነው። በዚህ ዘመን ፋክስ? አዎ ፋክስ! ውጭ አገር ያሉ አንዳንድ ደንበኞቻችን የተፈረመ ወረቀት በፋክስ ካልሆነ ሞተው አይቀበሉም። ታዲያ የፋክስ ማሽን እንኳ የለንም፣ ያለን ጠረጴዛዬ ሥር የተወሸቀ ዩኒክስ በሚባል ሲስተም የሚሠራ አሮጌ ሰርቨርና ከስልክ መስመሩ ጋር የሚያገናኘው አንድ ሞደም ነው፣ እኔ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ እጽፋለሁ፣ ወረቀቱ ወረፋ ይይዛል፣ ተራው ሲደርስ ሰርቨሩ ራሱ ይደውላል፣ ካልተነሳለት ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይሞክራል፣ በመጨረሻ «ሄዷል» ወይም «አልሄደም» ይለኛል፣ በቃ። ሞደሙ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለው፣ ሲደውል ጥሪውን፣ ከዚያ ያንን ጆሮ የሚበሳ የፋክስ ፉጨት ያሰማችኋል። ድምፅ ማውጣት እንጂ መስማት ግን አይችልም፣ ማይክራፎን የሚባል ነገር የለውም፣ ይህንን ያዙልኝ።

ጋሽ ሸምሱ የቢሯችን ሒሳብ ሹም ናቸው፣ ካዛንቺስ ተወልደው ካዛንቺስ ያረጁ፣ አሁን ላንቻ የሚኖሩ፣ እንደ ልጃቸው የሚያዩኝ ሰው። የራሳቸው ልጅ ሃያት ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ፍለጋ ላይ ነበረች፣ ሳቂታ ልጅ ናት፣ ግን ዕድሜ ልኳን የምትወስደው መድኃኒት አለ፣ እዚህ አይገኝም፣ ከአረብ አገር ነው የሚመጣው፣ አንድ ጊዜ ተቋርጦባት ራሷን ስታ ሆስፒታል ስትገባ ጋሽ ሸምሱ በአንድ ሳምንት ውስጥ አሥር ዓመት አርጅተው ነው የወጡት።

ያን ዓርብ ማታ የመድኃኒቱ ላኪ መልእክት ላከ፣ አሠራር ቀይረናል፣ የአባቷ ፊርማ ያለበት ወረቀት በፋክስ ካልደረሰን አናወጣም፣ ቢሮ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይከፈታል፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ዕቃው ይጫናል፣ ካለፈ የሚቀጥለው ሳምንት ነው የሚል። ሃያት እጅ ላይ የቀረው መድኃኒት ደግሞ ሳምንቱን አያደርስም። ጋሽ ሸምሱ ፈረሙ፣ እኔም «ምንም አያስቡ፣ በሦስት ሰዓት ራሱ ይልከዋል፣ እርስዎ ሄደው ይተኙ» ብዬ ወረቀቱን ወረፋ አስያዝኩት፣ ሰዓቱንም ሦስት ብዬ ጻፍኩለትና መብራት አጥፍቼ ወጣሁ።

አያችሁት? እኔ አላየሁትም። ለማሽኑ የኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለት ዘጠኝ ነው፣ እሱ ሦስት ሲባል የሚያውቀው የኛን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በሥራዬ ስንት ዓመት ሆኖኝ፣ ሌላውን ሰው በዚህ ስህተት ስንቴ ስቄበት! ስለሃያት እያሰብኩ ነበር መሰለኝ የጻፍኩት፣ ሰው ሲጨነቅ በእናቱ ሰዓት ነው የሚያስበው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ማኪያቶዬን ይዤ ስደርስ ጋሽ ሸምሱ በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር።

«ሜሪዬ፣ ሄደልን?»

«ይሄኔ ገብቷል» አልኩና ስክሪኑን ከፈትኩ። አልሄደም። ሌሊት ደውሎ ደውሎ የሚያነሳው አጥቶ ተስፋ ቆርጦ ትቶታል። ማኪያቶው ከእጄ አልወደቀም እንጂ እኔ ወድቄ ነበር። ወዲያው እንደገና ወረፋ አስያዝኩት፣ «መስመር የለም» አለኝ። የስልኩን እጀታ አንስቼ ጆሮዬ ላይ ደገንኩ፣ ጭጭ፣ ያቺ የምናውቃት እንንን የምትል ድምፅ እንኳ የለችም። በመስኮት ሳይ ከሕንፃችን ጀርባ ኤክስካቫተሩ አፈሩን ሲዝቅ የስልኩን ገመድ በጥሶ አውጥቶታል፣ ጫፉ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሽቦዎቹ ተበታትነው ይታያሉ።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። ወረቀቱን በሞባይል አንስቼ በኢሜይል ላክሁ፣ «በፋክስ ብቻ» የሚል መልስ መጣ። ሆቴሎች ጋ ደወልኩ፣ አንዷ እንግዳ ተቀባይ «ፋክስ? እሱማ ከተጣለ ቆየ እህቴ» ብላ ሳቀችብኝ፣ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ከሰፈሩ ጋር ሄደዋል። ጋሽ ሸምሱ አልተቆጡኝም፣ ቢቆጡኝ በተሻለኝ፣ ወንበር ስበው ሰርቨሩ አጠገብ ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኔ ጥፍሬን እየበላሁ ሰዓቱን አያለሁ። ውጪ ኤክስካቫተሩ ሞተሩን አጥፍቶ ሠራተኞቹ ምሳ ወጡ፣ ሰፈሩ ጸጥ አለ።

በዚህ ጸጥታ መሃል ሞደሙ ጠቅ አለ።

መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም፣ ሰርቨሩ በየትንሹ እየሞከረ «መስመር የለም» ይላል፣ ልማዱ ነው። አሁን ግን እንንን የሚለው ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ መደወል ጀመረ። የውጭ አገር ቁጥር ሲደወል ረጅም ነው፣ ጆሮዬ ለምዶታል፣ ይሄኛው ግን አጭር ነበር፣ የድሮ የአዲስ አበባ ስልክ ያህል፣ ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ትክክለኛው ነው። ጠራ። እንደገና ጠራ። ከዚያ ተነሳ፣ ፉጨት ስጠብቅ ሰው መጣ።

«አቤት?» አሉ፣ ድምፃቸው የአሮጊት ነው።

ጋሽ ሸምሱ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«እማማ ዘነቡ» አሉ በሹክሹክታ።

እማማ ዘነቡ ማን እንደነበሩ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አውርቶልኛል። ስልክ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን፣ ከቢሯችን ጀርባ ያለው ግቢ የሳቸው ነበር፣ ስልክ ያለውም እሳቸው ቤት ብቻ፣ ጎረቤቱ በሙሉ የሳቸውን ቁጥር የራሱ አድርጎ ነው ለዘመድ የሚሰጠው። ሲደወል ያነሱና «ማንን ልጥራ?» ይላሉ፣ እጀታውን ቡፌው ላይ ያስቀምጡና በራቸው ላይ ወጥተው የተፈለገውን ሰው ስም እየጠሩ «ስልክ!» ይላሉ። ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ቤታቸውም ፈርሷል፣ ኤክስካቫተሩ የቆመው እሱ ላይ ነው።

የሞደሙን ገመድ ልነቅል እጄን ስሰድ ጋሽ ሸምሱ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

«ተይው! ቢስሚላህ በይና ተይው!»

ጎንበስ ብለው አፋቸውን ወደዚያች ማይክራፎን ወደሌላት ዕቃ አስጠጉ። «እማማ፣ ሸምሱ ነኝ» አሉ።

«ሸምሱዬ! ምነው ጠፋህ አንተ ልጅ? ማንን ልጥራልህ?»

እማማ ሰሟቸው፣ እመኑኝ፣ መለሱላቸው! ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ጋሽ ሸምሱ አፍ ውስጥ የነበረው አንድ ስም ብቻ ነው፣ እሱው ወጣ።

«ሃያትን» አሉ።

«ቆይ ልጥራት።»

እጀታው እንጨት ላይ ሲቀመጥ ሰማን። ነጠላ ጫማ እየተጎተተ ራቀ። የሆነ ቦታ ዶሮ ተንጫጫ፣ ዕቃ የሚያጥብ ሰው ነበር መሰለኝ፣ ሳህን ከሳህን ይጋጫል። የቆርቆሮ በር ሲጢጥ አለ፣ ከዚያ ከሩቅ፣ ከፍ ባለ ድምፅ፣ «ሃያት! ሃያት! ስልክ!»

ጋሽ ሸምሱ ክንዴን እንደያዙ ናቸው፣ ምልክቱ ሰንብቶብኛል። ትንሽ ዝም አለ፣ ቀጥሎ ፉጨቱ መጣ፣ የታወቀው የፋክስ ፉጨት፣ ስክሪኑ ላይ ገጹ መሄድ ጀመረ፣ ሄደ፣ ጨረሰ፣ ወረፋው ባዶ ሆነ። «ሄዷል።»

እጀታውን አንስቼ አዳመጥኩ፣ ጭጭ። በመስኮት አየሁ፣ የተቆረጠው ገመድ እንደተንጠለጠለ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሞባይሌ ላይ የላኪው መልእክት ገባ፣ ወረቀቱ ጥርት ብሎ ደርሶናል፣ ዕቃው ተጭኗል ይላል። ጋሽ ሸምሱ እዚያው ወንበር ላይ ሆነው አለቀሱ፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ በደስታ ይሁን በፍርሃት ግን አልለይም።

መድኃኒቱ መጣ። እኔም ወደ ልማዴ ተመልሼ ምክንያት ፈለግኩ፣ የሰርቨሩን መዝገብ አገላበጥኩ፣ ትክክለኛው ቁጥር፣ በትክክል ሄደ፣ ሌላ ምንም የለም። የስልክ ሥራ የሚያውቅ ጓደኛዬ «የተበጠሱት ሽቦዎች ከሌላ መስመር ጋር ተነካክተው ይሆናል» አለኝ፣ ጥሩ፣ ይሁን። ድምፁስ ስለው «ደክሞሽ ነበር» አለኝ። እሺ ደክሞኝ ነበር አልኩ፣ ጋሽ ሸምሱም ደክሟቸው ነበር። ነገሩን ለማንም ላናወራ ተማማልን፣ ለሃያት በተለይ።

ቡልጋሪያ ከገባን በኋላ ሃያት አዲሱን ቢሮ ልታይ መጣች፣ ባቅላባ ይዛ፣ ፊቷ ፈክቶ። እየበላን ስንሳሳቅ ድንገት «አንድ ነገር ልንገርሽ ሜሪ» አለችኝ፣ «ያ መድኃኒቱ የተላከ ቅዳሜ ጉድ ሆንኩኮ! ቤት ብቻዬን ነበርኩ፣ አንዲት ሴትዮ ከበር ላይ በስሜ እየጠራች ስልክ ስልክ አትለኝም? ማለቴ፣ ሞባይሌ እኮ በእጄ ነው! በሩን ከፍቼ ባይ ማንም የለም።»

የያዝኩትን ባቅላባ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ወደ ጋሽ ሸምሱ አላየሁም፣ ግን የብዕራቸው ድምፅ ሲቆም ሰማሁ።

«አቤት አልሽ እንዴ?» አልኳት፣ የአክስቴን ድምፅ ከራሴ አፍ ሲወጣ እየሰማሁ።

ሳቀች። «ምን ችግር አለው? አቤት አልኩኛ! እንደውም ጫማዬን እየፈለግኩ ‹መጣሁ! መጣሁ!› ነበር የምለው።»

ሃያት ደህና ናት፣ ሥራም አግኝታለች። ጋሽ ሸምሱ ግን ቤታቸው ሰው ሲያንኳኳ እሷን አያስከፍቷትም፣ ራሳቸው ናቸው የሚሮጡት፣ ምክንያቱንም አይነግሯትም። እኔ ጠዋት ጠዋት ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ «ሃያት እንዴት አደረች?» እላቸዋለሁ፣ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፣ ከዚያ ሁለታችንም ጠረጴዛዬ ሥር ወዳለው ሞደም እናያለን። ከምንም መስመር ጋር አልተገናኘም፣ ልጥለው ብዬ ነበር፣ እሳቸው ናቸው የከለከሉኝ።

«እማማ እጀታውን ቡፌው ላይ አስቀምጠው ነው የወጡት» አሉኝ። «ሲዘጉት ሰምተሻል?»

አልሰማሁም።