ያጉረመረመው ሸክላ

ሬድዋን በሙዚቃ ቤቱ ጓዳ ውስጥ በጀርባው ተዘርሯል። የቀኝ እጁ ጣቶች ጠቁረዋል። ጠረጴዛው ላይ ያለው የሸክላ ማጫወቻ ስፒናው ተነቅሏል፤ መርፌው ግን እንደተቀመጠ ነው።

መቶ አለቃ ደቻሳ ጎንበስ ብሎ አየና ወገቡን ይዞ ቀና አለ። የቀጨኔን ዳገት በእግሩ ነው የወጣው፤ የጣቢያው መኪና ከተበላሸ ወር አለፈው። ዘመኑ ደግሞ 1971 ነው። አምና መንገድ ዳር ስንቱ ሲወድቅ «ማን ገደለው?» ያለ አልነበረም፤ ዛሬ ለአንድ ሰው «መርምር» ሲባል ሊስቅም ሊያለቅስም ቃጣው። ድክም ብሎታል፣ በቃ።

«ምርመራ አያስፈልገውም፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ የቀበሌው ጥበቃ ኃላፊ ባጫ፣ ሰደፉ ላይ ጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለበትን ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ እያዛወረ። «ገዳይዋን ይዘናል። ጎረቤቱ ዓለምነሽ ናት፣ እንስራ ሠሪዋ። ቀትር ላይ ‹ይሄን ሸክላ ዛሬ ሰባብሬው እገላገላለሁ› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የዘፈኑ ጫጫታ አንገሽግሿታል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ላይ እንልካታለን።»

ወደ ላይ ተልኮ የተመለሰ ጥቂት ነው፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

«ኤሌክትሪክ ታውቃለች?»

«ሸክላ ሠሪ አይደለች እንዴ! እነሱ ምን የማያውቁት አለ?»

ደቻሳ ይህን ወሬ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ኖሮ ሰልችቶታል። ሬዲዮ ጠጋኙን ጉታን አስጠራ።

«ሳምንቱን ሙሉ ‹እምምም› ይል ነበር» አለ ጉታ ማጫወቻውን እያሳየ። «ከሸክላ ወደ ካሴት ሲቀዳ ጉርምርምታው አብሮ እየገባ ደንበኛ አስመረረበት። ይቺ ከመርፌው ብረት የምትወጣ ቀጭን ሽቦ የአምፕሊፋየሩ ብሎን ላይ መታሰር ነበረባት፤ ስትላላ እንዲህ ያጉረመርማል። ሬድዋን ደግሞ፣ ነፍስ ይማር፣ ሰነፍ ነው። በማሰር ፈንታ በአንድ እጁ አምፕሊፋየሩን፣ በሌላው መርፌውን የተሸከመውን ብረት ይይዛል። እጁ ሲያርፍበት ዝም ይላል።»

«ልማዱን ማን ያውቃል?»

«ሱቁ የገባ ሁሉ።»

ደቻሳ ሽቦዋን በጣቱ ተከትሎ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ጫፏ ወደ ብሎኑ አልሄደችም። የመብራቱ ገመድ ተልጦ እዚያ ላይ ተጠምዝዛለች፤ በላይዋም አዲስ ጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል።

«ወይ ጉድ!» ጉታ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ አይደለሁም፣ መቶ አለቃ! ሚስቴ ወልዳ ከጠዋት ጀምሮ ጳውሎስ ሆስፒታል ነበርኩ።»

ሰው ተላከ፤ እውነቱን ነበር።

የሟች ሚስት ዘሀራ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች ተናገረች። «ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ገርበብ አድርጎ ለዙህር ሶላት ወጣ። ተመልሶ ማጫወቻውን ከከፈተ በኋላ ሲጮህ ሰማሁ። ሮጬ ስፒናውን ነቀልኩ... አልደረስኩም።»

«የተጣላው ሰው ነበር?»

«ማጫወቻው የሰው ነው፣ ጋሼ። አምና በፍተሻ ጊዜ ከአንድ አስተማሪ ቤት የተወሰደ ኖሯል፤ እሱ ሳያውቅ ነው የገዛው። አስተማሪው አሁን ተፈታ። ‹ነገ እመልስለታለሁ፣ ማን እንደሸጠልኝም እነግረዋለሁ› ብሎኝ ነበር። ስሙን ግን ለኔም ደበቀኝ።»

ደቻሳ ቀበሌ ወርዶ ከታሰረችው አሮጊት ፊት ተቀመጠ።

«እማማ ዓለምነሽ፣ ‹ሰባብሬው እገላገላለሁ› ብለዋል?»

«ብያለሁ! ሦስት ቀን የለፋሁበት እንስራ ተሰነጠቀብኝ፤ ታዲያ አልናደድ? ጓሮዬ ሆኜ ለራሴ ነው ያልኩት። ሬድዋን ለሶላት ወጥቶ ያ ነገሩ ዝም ብሎ ነበር።»

ደቻሳ ጉታን ጓሮዋ ውስጥ አቁሞ ያንኑ ቃል እንዲል አዘዘው። መንገዱ ላይ ቆሞ ቢያዳምጥ፣ ፊት ለፊት ካለው ወፍጮ በቀር የሚሰማ የለም። ከማጫወቻው አጠገብ ሲቆም ግን ቃሉ በጭቃው ግድግዳ አልፎ ጥርት ብሎ መጣ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ሙዚቃ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ የቀበሌው ሊቀመንበርም ዓለምነሽን ይዞ መጣ።

«ጓድ ባጫ፣ ስትሰማት የት ነበርክ?»

«መንገድ ላይ። ሱቁ ውስጥ እግሬን አላስገባሁም።»

«ወፍጮው እያለ ከመንገድ አይሰማም፤ ሞክሬዋለሁ። የሚሰማው ከዚህ ጓዳ ነው፣ እሱም ማጫወቻው ሲጠፋ። የጠፋው ደግሞ ሬድዋን ሶላት ላይ ሳለ ነው።» ደቻሳ ግድግዳውን ተደገፈ። «ሌላም አለ። ቀጨኔ ውስጥ እንስራ ሠሪ ‹ሸክላ› ስትል ዘፈን ማን ያስባል? ሰፈሩ ሁሉ ድስትና ጀበና ነው የሚመጣለት። አንተ የዘፈኑን ሸክላ ያሰብከው እጅህ እሱው ላይ ስለነበረ ነው። ፋብሪካ ሳለህ ኤሌክትሪክ ክፍል እንደሠራህ ሊቀመንበሩ ነግሮኛል። የሰደፍህን ስንጥቅ የጠቀለልክበት ናስትሮም አዲስ ነው።»

ባጫ ሳያስበው ወደ ሰደፉ አየ። ሁሉም ማየቱን አዩ።

«የፍተሻውን ዕቃ እንደሸጥኩለት ሬድዋን ‹ነገ እነግረዋለሁ› አለኝ! አስተማሪው ስሜን ቢሰማ የምረሸነው እኔ ነበርኩ!» አለ ድምፁ ተሰንጥቆ።

ዘሀራ አፏን በሻርፗ ያዘች። ሊቀመንበሩ መሬት መሬት እያየ ጠመንጃውን ከባጫ እጅ ወሰደ።

«ይሂዱ ቤትዎ፣ እማማ» አለ ደቻሳ። ጋደም ከማለት በቀር ምንም አላማረውም።

ዓለምነሽ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። «ያለ ወረቀት የት እሄዳለሁ፣ ጌታዬ? ሌላው መጥቶ ይወስደኛል።»

ሊቀመንበሩ ሰምቶ እንዳልሰማ ወደ ውጭ አየ። በዚያ ዘመን ነጻ ብሎ የፈረመ በኋላ ራሱ ይጠየቃል። ደቻሳም ከርሞ ከርሞ ፊርማውን ማንም የማያነበው ጭረት አድርጎት ነበር። ተቀመጠና «ነጻ ናቸው» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ ፊደል በፊደል አሰፈረ።

ወረቀቱን ተቀብላ ገለባበጠችው። «ማንበብ አልችልም። ምን ይላል?»

«ደቻሳ ጉደታ ቶላ ይላል።»

«ነጻ ናት አይልም?»

«ይላል፣ እማማ። እሱንም ይላል።»

ወረቀቱን አጣጥፋ ጡቷ ሥር ከተተች፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።