ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

ሰውዬው ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ፌርማታ ላይ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ገባ።

ከኋላ ወንበር ከወጣቷ ጎን ተቀመጠ። አላያትም። እሷም አላየችውም። ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። እሷ ከቦርሳዋ የመስሚያ መርጃ ባትሪ ማሸጊያ አወጣች። ከካርቶኑ ሥር ጥፍር የምታክል ሜሞሪ ካርድ ተለጥፋለች፤ የአንድ በሽተኛ ሙሉ የሕክምና መዝገብ ካርዷ ላይ ነው። ማሸጊያው በሁለቱ መሃል ወደ እሱ ተንሸራተተ። ጋዜጣው ወደ እሷ መጣ።

«መቼ ይናገራል?» አላት፣ መስኮቱን እያየ።

«አላውቅም። ጉዳቱ ከባድ ነው።»

«አንድ ወር? ሁለት ወር?»

«አላውቅም አልኩህ።»

ኪሌሌሽዋ ሲደርሱ ወረደ። የሥራ ስሙ አንጥረኛ ነው፤ የናይሮቢ አለቃዋ። እውነተኛ ስሙን አታውቅም፣ እሱም የሷን አያውቅም። ለእሱ ፈታይ ናት። ለዩኒቨርሲቲው ደግሞ ሐሊና፣ የንግግርና የመስማት ሳይንስ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ።

ትምህርቱን ወዳ አልመረጠችውም። ሽፋን በተፈለገ ጊዜ ክፍት ቦታ የነበረው እዚያ ክፍል ብቻ ስለሆነ ነው። ድምፅ ከጉሮሮ እንዴት እንደሚነሳ፣ ጆሮ እንዴት እንደሚቀበለው፣ ቃል ከአእምሮ ተነስቶ ምላስ ላይ እስኪደርስ በየት በየት እንደሚያልፍ ስትማር ግን ነገሩ ሆዷ ገባ። ለፈተና ሳይሆን ለራሷ ብላ ማንበብ ጀመረች። ሽፋኑን የሚወድ ሰላይ ደግሞ አንድ ቀን ማልቀሱ አይቀርም።

ከዚያ ባልቻ ታመመ።

ባልቻ በሞያሌና በናይሮቢ መካከል መልእክት የሚያመላልስ፣ በዚህ ሥራ ያረጀ የስለላ ድርጅታቸው ሰው ነበር። ሞያሌ ላይ ሦስት ባልደረቦች በአንድ ቀን ተገደሉ። የሸጣቸው ሰው ነበር። ባልቻ ማን እንደሆነ ደረሰበትና ሊናገር ናይሮቢ ሲገባ ስትሮክ ጣለው። ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉ ይገባዋል። መናገር፣ መጻፍና ማንበብ ግን ጠፋበት። ተማሪዎች የሚለማመዱበት ክሊኒክ አማርኛ የሚችል ሰው ሲያፈላልግ ሐሊናን አገኘ። አንጥረኛ የሕክምና ክፍሉ ጣሪያ ውስጥ ማይክ አስቀመጠ፤ የከሃዲውን ስም ከሽማግሌው አፍ እንድታወጣ አዘዛት።

ሽማግሌውን በሳምንት ሦስት ቀን የምታመጣው ልጁ ዓለምፀሐይ ናት፤ ሁርሊንግሃም ምግብ ቤት አላት። ሐሊና ገና ተማሪ ነኝ ብትላትም «ዶክተር» ማለቱን አልተወችም። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቷ ስሟን ሲጠራ መስማት። ሌላው ቃል ሁሉ ቢቀር ግድ የለኝም ትላለች።

ሐሊና ቤቷ ገብታ ጋዜጣውን ገለጠች። ያለፈው ቀን ክፍሉ ውስጥ የተባለው ሁሉ በወረቀት ተጽፎ ውስጡ ነበር። አንጥረኛ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥበት ጊዜ የለውም። ድምፁን ማሽን ወደ ጽሑፍ ይገለብጥለታል፤ እሱ ያነባል።

«ጋሽ ባልቻ፣ የሞያሌዎቹን ማን እንደሸጣቸው ያውቃሉ?»

ከሥሩ፦ ድምፅ የለም።

እንደገና አነበበችው።

መልሶላት ነበራ! ትንፋሹን እጥር አድርጎ ወደ ውስጥ ስቧል፤ የእኛ ሰው ቃል ሳያወጣ አዎ የሚልባትን። ሕመሙ ያንን ሁሉ ቃል ሲወስድበት ይህቺን ትቶለታል። ማሽኑ ግን ምን ያውቃል፤ ትንፋሹን እንደ ኮሽታ ጠርጎ ጥሎታል። ማሽኑስ ይሁን፣ ተቆጣጣሪዋ ዶክተር ዋንጂሩ እንኳ አንድ ቀን አብራት ገብታ «በሽተኛው በየጥያቄው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ልቡ ይመርመር» ብላ መዝገብ ላይ ጽፋለች። ሐሊና ሳቋን ዋጠች እንጂ አላረመቻትም።

ሁለተኛው ነገር ቀስ ብሎ መጣባት። አንጥረኛ ሽማግሌው ምን አለ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ሁልጊዜ የሚጠይቃት መቼ ይናገራል እያለ ነው።

ስለ ሞያሌዎቹ የሚያውቁት ሦስት አለቆች ብቻ ነበሩ፣ በሥራ ስማቸው፦ ሸማኔ፣ አናጺና አንጥረኛ። ዓርብ ጠዋት ከክሊኒኩ የሥዕል ካርዶች የእነዚህን ባለሙያዎች መረጠች። ነገር መጥራት ለሚለማመድ በሽተኛ እንዲህ ያለ ካርድ ብርቅ አይደለም፤ ማይኩም ሥዕል አያይም።

«ጋሽ ባልቻ፣ ያለፈውን ጥያቄ እንጨርስ» አለችው፣ ዓይን ዓይኑን እያየች።

መጀመሪያ ሸማኔውን አሳየችው። «ይሄ ነው?» ዝም አለ። አናጺውን አሳየችው። ዝም። ሦስተኛው ወርቅ የሚቀጠቅጥ ሰው ነበር።

«ይሄ ነው?»

ሽማግሌው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ።

ደግማ ጠየቀችው። ደግሞ ሳበ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ስሙን አምጪ ብሎ ያዘዛት ሰው ራሱ ከሃዲው ነው። የሚጠብቀው ባልቻ አፉን የሚፈታበትን ቀን ነው፤ ያን ቀን ባልቻን በሕይወት አያሳድረውም።

አንጥረኛ የማያውቀው፣ ወደ ዋናው ቢሮ የሚያደርስ አንድ መንገድ ነበራት። ኢስሊ ሰፈር፣ የነጋዴዋ የኩለሱም ጨርቅ ቤት። የገዛችውን ሻሽ ቀለሙን አልወደድኩትም ብላ መለሰች፤ በእጥፋቱ ውስጥ አንድ መስመር ጽሑፍ ነበር። በአራተኛው ቀን መልሱ በሌላ ሻሽ ውስጥ መጣ።

«አንጥረኛ ባለበት ይቆያል። የውሸት ወሬ እንመግበዋለን። ምንም እንዳልሰማሽ ሁኚ። ሽማግሌው አይናገር።»

ኩለሱም የተጻፈውን አታውቅም። የሐሊናን ፊት አይታ ውሃ ሰጠቻትና ቀስ ብላ በስዋሂሊ «ፖሌ»፣ አይዞሽ አለቻት።

ሐሊናን ያቃጠላት የተማረችው ነው። ከስትሮክ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ወራት ወርቅ ናቸው፤ ያኔ ያልተለማመደ ንግግር ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይመጣም። ባልቻ ደግሞ እየተሻለው ነበር። ውሃ ሲፈልግ ከንፈሩ መሞጥሞጥ ጀምሯል። እሷ ግን የፈተና ውጤቱን ዝቅ አድርጋ ሞላች፤ ለውጥ የለም፣ ተስፋ የለም፣ ሕክምናው ይቁም። በሕይወቷ ስንትና ስንት ሰነድ አጭበርብራለች። ፊርማዋን ሳታኖር ያደረችው በዚህኛው ላይ ብቻ ነው። ዶክተር ዋንጂሩ አንብባ ተነፈሰችና ፈረመች። አንጥረኛም ቅጂው ሲደርሰው ያሳዝናል አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም መቼ ብሎ አልጠየቀም።

የመጨረሻው ቀን ዓለምፀሐይና አባቷ አብረው ገቡ። ለሽማግሌው እውነቱን ሹክ የምትልበት ቦታ አልነበራትም። ውስጥ ማይኩ አለ፤ ውጭ ደግሞ ሞተር ላይ ተደግፎ አባትና ልጅን የሚከተል የአንጥረኛ ሰው አለ።

«ዶክተር፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይናገራል?»

«አይናገርም።»

«ስሜን እንኳ?»

«ስምሽንም።»

ቤት እኔው ራሴ ባለማምደውስ ብላ ለመነቻት። ሐሊና መዝገቡን ዘጋች።

«አታድክሚው ዓለምዬ። ተስፋ በሰጠሽው ቁጥር ይብስበታል።»

ባልቻ ይሰማ ነበር። ዓለምፀሐይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በሻርፗ አፏን አፍና ተንሰቀሰቀች። ሽማግሌው የልጁን ጀርባ አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ዓ…»

ሐሊና ቀና ብላ ማይኩ ያለበትን ጣሪያ አየች።

«ዓለ…»

ትንፋሽ አይደለም። ድምፅ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የብረት ትሪ ከነመሣሪያው በክንዷ ጠረገችው። ክፍሉ በቅጭልጭልታ ተናወጠ። እሷም በላዩ ላይ ጮክ ብላ እጄን፣ ወይ እጄን እያለች ለፈለፈች።

ዓለምፀሐይ ደንግጣ ዞረች። «ምን ሆንሽ?»

«ምንም። አምልጦኝ ነው።»

ተንበርክካ ብረታ ብረቱን ስትለቅም ከባልቻ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ አፉን ገጠመ። ገብቶት ይሁን ወይ በሷ ተስፋ ቆርጦ አላወቀችም፤ ዛሬም አታውቅም። እግሩን ይዛ ይቅርታ ልትለው ፈለገች። ማይኩ ክፍት ስለነበር ወለሉ ላይ የወደቀውን መቀስ አነሳች። ልጁ ያን ሁሉ ወር የጠበቀችውን ድምፅ የሰማችው ሐሊና ብቻ ናት።

አንጥረኛ ሰባት ወር የውሸት ወሬ ሲመገብ ቆይቶ፣ ሩንዳ ካለው ቤቱ በጠራራ ፀሐይ በድርጅቱ ሰዎች ተወሰደ። በዚያን ጊዜ ሐሊና የምትባል ተማሪ አልነበረችም። የቤተሰብ ችግር ገጠመኝ ብላ ትምህርቷን አቋርጣ ሌላ ከተማ ገብታለች። ለዋናው ቢሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ላከች፤ አሁንስ ለልጁ እውነቱ ይነገራት፣ ሽማግሌው ሕክምናውን እንደገና ይጀምር?

መልሱ የደረሳት የመኖሪያ ፈቃድ ወረፋ ላይ ቆማ ነው።

«አይነገርም። ሽማግሌው በሕይወት አለ። ቃል አያወጣም። ፋይሉ ተዘግቷል።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከስልኳ አጠፋችው። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ወረፋዋ ደረሰና ጸሐፊዋ ስሟን ጠየቀቻት። አዲሱን ስሟን ነገረቻት። ድምፅዋ አልተሰማ ኖሮ፣ ጸሐፊዋ ድገሚልኝ አለቻት። ደገመችላት።