የክትሩ ጠባቂ አሟሟት

መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም ነበር። የወንዙ ክትር ጠባቂ ከክትሩ ግርጌ ባለችው ጠባብ የዕቃ ክፍል ውስጥ፣ ደለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። በቀኝ እጁ የብረት ማዞሪያ ጨብጧል። ሰፈርተኛው «ጎርፍ በላው» ብሎ ደምድሞ ነበር።

ወንዙ በየክረምቱ ቤት ማፍረስ ሲያበዛ ሰፈርተኛው መክሮ አንድ መላ አግኝቷል። ውኃው ሲሞላ ጠባቂው ክትሩ ላይ ያለውን መልቀቂያ በዚያ ማዞሪያ ይከፍታል፤ ጎርፉ ወደ ታችኛው ማሳ ይፈሳል፤ ቤቶቹ ይተርፋሉ። የማሳው ባለቤት፣ የጠባቂው ታላቅ ወንድም፣ ከየቤቱ በሚዋጣ እህል ይካሳል። ትናንት ግን መልቀቂያው ሳይከፈት ቀረ፤ ውኃው ክትሩን ዘሎ ቤቶቹንም ማሳውንም ጠረገ።

መርማሪዋ በመጀመሪያ ሚስቱን አነጋገረች።

«ጠዋት ተኳርፈን ነው የወጣው» አለች ሚስቲቱ ዓይኗን ሳታነሣ። «ሌላ ጊዜ ምሳውን አደርስለት ነበር። ትናንት እልህ ያዘኝ። ዝናቡ ሲጀምር መብራት ጠፋ፤ ደመናው ባጨለመው ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ራሱ ይምጣ አልኩ።»

ክትሩ አጠገብ የምትሠራው ባለወፍጮ ቃሏ አጭር ነበር። «ወፍጮ ሲጮኽ ሰው የራሱን ሳል እንኳ አይሰማም። እኔ ምን ልስማ?»

ታላቅ ወንድሙ ድምፁ ሰልሏል። «ውኃው ሲጎድል ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። በሩን ደለል ይዞት ነበር። በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ።»

መርማሪዋ ወደ ዕቃ ክፍሉ ተመለሰች። በሩን ዘጋችው፣ ከፈተችው። ከውጭ ያለውን መቀርቀሪያ በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ሦስቱንም ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የበሩ የውስጥ ጣውላ በብረት ተፈነካክቷል» ብላ ጀመረች። «ሰው ክፍት በር አይደበድብም። መቀርቀሪያው ደግሞ ደለል ለብሷል፤ ጫፉ ብቻ ንጹሕ ነው። ጎርፉ ሲመጣ ጫፉ ማቀፊያው ውስጥ ነበር ማለት ነው። ጠባቂው ማዞሪያውን ሊያነሣ ሲገባ አንድ ሰው ከውጭ ቀርቅሮበታል፤ ውኃው ከጎደለ በኋላም ከፍቶታል።»

ወደ ታላቅ ወንድሙ ዞረች።

«መልቀቂያው ባይከፈት የማን ማሳ ይተርፋል? ቀድመው የደረሱት እርስዎ ነዎት። ስለ መቀርቀሪያው አላነሡልኝም። በሩን ገፋሁት አሉኝ። ያ በር ግን ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ቢገፉት ይብስ ይዘጋል እንጂ አይከፈትም።»

«ሽንኩርቱ ለመነቀል ደርሶ ነበር» አለ ሰውየው። «ዝናቡ ያባራል ብዬ ነው። ሲያባራ ከፍቼለት፣ ይቆጣኛል፣ ይታረቀኛል ብዬ። ውኃው ሲዘል ልመለስ ስል መንገዱ ተዘጋ።»

ሚስቲቱ ቀና አለች። «ጋሼ፣ ተጣርቶ ነበር?»

«"ወንድም ጋሼ፣ ክፈትልኝ፣ ሰው ያልቃል" ነበር የሚለው። ስለ ራሱ አንዲት ቃል አላለም።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ መርማሪዋ ወደ ባለወፍጮዋ ጠጋ አለች። «ትናንት መብራት አልነበረም። የኤሌክትሪክ ወፍጮሽ በምን ጮኸ?»

ባለወፍጮዋ ከቀሚሷ ላይ ዱቄት የምታራግፍ መሰለች፤ ዱቄት ግን አልነበረም። «ድብደባውን ሰምቻለሁ። ቆርቆሮ ነው አልኩ።» እጇን ከቀሚሷ ላይ አነሣችና፣ «እሱም ውሸት ነው። ሰው እንደሆነ አውቄያለሁ። ዝናቡን ሳየው መውጣት ከበደኝ። እኔንስ አይወስዱኝም?»

«የምከስሽበት ሕግ የለኝም።»

«ምነው በኖረዎት» አለች ባለወፍጮዋ።