የዘጠነኛው መጽሐፍ መጨረሻ

«የኔ እመቤት፣ ሰው በዓለም ላይ ላልተፈጠረ ሰው ብሎ ሰው ይገድላል?»

መርማሪዋን እንዲህ ብላ የጠየቀቻት የፋርማሲስቷ እናት ነበረች። ከጠዋት ጀምሮ ጣቢያው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አልተነሣችም፤ ለልጇ ያመጣችው ምሳ ጭኗ ላይ ቀዝቅዟል። ልጇ ሰው ገድለሻል ተብላ ከትናንት ማታ ጀምሮ ታስራለች።

ሟቹ ተርጓሚ ነበር። ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት ከክፍሉ በሚያወርደው የእንጨት ደረጃ ሥር ወድቆ ተገኘ። ሰው ሁሉ አዳልጦት ነው አለ። መርማሪዋ ግን ከላይኛው እርከን ላይ የሟቹን የሸሚዝ ቁልፍ አነሣች። ቁልፉ ከነቁራጭ ጨርቁ ነበር የተቦጨቀው። ያዳለጠው ሰው የራሱን ሸሚዝ ቦጭቆ አይወድቅም። በአሥር ሰዓት ላይ ፋርማሲስቷ እያለቀሰች ከዚያ ቤት ስትወጣ ደግሞ መንገደኛ ሁሉ አይቷታል።

«ልጄ ዝንብ አትገድልም» አለች እናትየው። «ግን አልዋሽዎትም፣ እኔ ሰውዬውን አልወደውም ነበር። ቅዳሜን ወሰደብኝ። በሳምንት አንድ ቀን ነው የምታርፈው፤ እሷንም እዚያ ሄዳ ስለ ጠፈር መርከብ ስትከራከር ትውላለች። ቤት ስትገባ እኔን ሳይሆን እነሱን ነው የምታወራው።»

እነሱ የምትላቸው ተርጓሚውንና ሁለቱን የንባብ ክበብ ጓደኞቹን ነው። ተርጓሚው «የዘጠኙ ፀሐዮች መንገድ» የተባለውን የጠፈር ታሪክ ሲተረጉም ሃያ ዓመት ሆኖታል። ስምንቱ መጻሕፍት አልቀው የቀረው ዘጠነኛውና የመጨረሻው ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፋርማሲስቷ፣ አንድ የፊዚክስ መምህርና ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው ሰዓት ሠሪ ክፍሉ ውስጥ ይሰበሰባሉ። እሱ አዲሱን ምዕራፍ ያነብላቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ማን ይሞታል ማን ይተርፋል እያሉ ይጨቃጨቃሉ።

መርማሪዋ ሐሙስ ማታ ወዳሸገችው ክፍል ወጣች። መስኮቱ ክፍት ነው። ጠረጴዛው ላይ በእጅ የተጻፈው ደብተር ተዘርግቷል። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ «ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ተፈጸመ» ይላል።

«ሲሠራ መስኮቱን ይዘጋል፣ ሲጨርስ ይከፍታል» አሉ ተከትለዋት የወጡት የቤቱ አከራይ። «ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።»

«መጨረሻውን አስቀድሞ ለሰው ነግሮ ይሆን?»

«እሱ ራሱስ መቼ ያውቅና! አንዱን ገጽ ተርጉሞ ሳይጨርስ ቀጣዩን ገልጦ አያይም። 'እኔም እንደ አንባቢው ልደንግጥ' ይል ነበር።»

መጽሐፉ በተጻፈበት ቋንቋ እንኳ ገና አልወጣም፤ አሳታሚው ቀድሞ የላከው ለተርጓሚዎች ብቻ ነው። ከሦስቱ አድማጮቹ አንዳቸውም ቋንቋውን አያነቡም። በስልኩም ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በኋላ አልደወለም፣ አልተደወለለትም። መርማሪዋ ደብተሩን አነበበችው፤ ከዚያ በብብቷ ይዛ ወጣች።

ፋርማሲስቷ በእስር ክፍሉ ውስጥ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

«መስኮቱ መከፈቱን አይቼ ሮጥኩ» አለች። «ባለፈው ቅዳሜ ምዕራፉ ያለቀው የታሪኩ መካኒክ ከመርከቧ ውጭ በገመድ ተንጠልጥሎ ነበር። ተረፈ ወይስ ሞተ፣ እሱን ብቻ ንገረኝ አልኩት። 'ቅዳሜ፣ ለሁላችሁም እኩል' አለኝ። አለቀስኩ። ሞኝ ነኝ፣ አውቃለሁ።» ዓይኗ ከደብተሩ ላይ አልተነሣም። «ይቅርታ ያድርጉልኝና… ተረፈ?»

መምህሩ ደግሞ በሩን ሲከፍት ከሰላምታው በፊት ደብተሩን አየ።

«የእሱ ነው? መካኒኩ ሞቷል በሉኝ! የአየሩን መጠን አስልቼዋለሁ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው የሚቆየው።»

«ሐሙስ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ብቻዬን፣ ፈተና ሳርም። ይጠሉት ነበር ወይ ብለው ይጠይቁኝ እንጂ! እኔ በቁጥር ሳስረዳ እሱ ሻይ ይቀዳል። ልጅቷ 'ይተርፋል፣ ልቤ ይነግረኛል' ስትል ፈገግ ይላል። ልብ! ልብ ኦክስጅን ያመርታል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ቃል ብቻ። ሞተ?»

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ሥራው ላይ አቀርቅሯል። የሱቁ መስኮት በቀጥታ የተርጓሚውን በር ያያል።

«ሐሙስ ስንት ሰዓት ዘጉ፣ ጋሼ?»

«ዘጠኝ ላይ። ቤቴ ገባሁ።»

«ጓደኛዎ ነበር።»

«ወንድሜ በይው። የመጀመሪያውን መጽሐፍ እጁ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ክበቡንም የመሠረትኩት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ያቺ ልጅ በመጣች በሁለት ወሯ ለእሷ መደገፊያ ያለው ወንበር ተገዛላት። ወገቧን ያማታል ተባለ። የኔ ወገብ የብረት ነው!»

መርማሪዋ ደብተሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ሰዓት ሠሪው ከሥሩ ትንሿን ካቻቢቴ ለማውጣት በክርኑ ገፋ አደረገውና ሥራውን ቀጠለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በተርጓሚው ክፍል ተሰበሰቡ። ፋርማሲስቷን ሁለት ፖሊሶች አመጧት። እናትየው ከልጇ አጠገብ ቆመች፤ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ግን አንዳቸውም አልተቀመጡም።

«ልማዳችሁን ላስቀር አልፈለግሁም» አለች መርማሪዋ ደብተሩን ገልጣ። «የመጨረሻው ምዕራፍ። 'ካፒቴኗ ቢላዋውን አነሣች። መካኒኩ በመስታወቱ በኩል አያት። ገመዱን ቆረጠችው። እሱም ወደ ጨለማው ሰመጠ፤ ዳግመኛም አልታየም።'»

«አላልኩም!» ብሎ መምህሩ ጉልበቱን መታ። «አሥራ አንድ ደቂቃ! አላልኩም?»

ፋርማሲስቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«እንደዚያ አይደለም!» አለ ሰዓት ሠሪው ከበርጩማው እየተነሣ። «ምን ዓይነት ንባብ ነው ይሄ? ገመዱን የቆረጠው ራሱ ነው! ከዚያ በቆሻሻ ማስወጫው በር ተመልሶ ገባ!»

መምህሩ ዞር ብሎ አየው። «የምን የቆሻሻ በር፣ ጋሼ? በስምንቱም መጻሕፍት መርከቧ እንዲህ ያለ በር የላትም። በሮቿን አንድ በአንድ ቆጥሬያቸዋለሁ። ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ያነበብኩላችሁን የፈጠርኩት እኔ ነኝ» አለች መርማሪዋ። «ጋሼ ያሉት ነው ደብተሩ ላይ ያለው። ተርጓሚው ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እስኪጨርስ ድረስ ይህን በር የሚያውቅ የአገራችን ሰው አልነበረም፤ እሱም ቢሆን። በአሥራ አንድ ሰዓት ሞቶ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ታሽጎ ነበር፣ ደብተሩም ከእኔ እጅ አልወጣም። ስለዚህ በሩን የሚያውቅ ሰው በዚያች አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ እዚህ ነበር። ልጅቷ ሳትሰማ እንደወጣች አመንኳት፤ በእስር ሆና እንኳ የጠየቀችኝ ስለ መካኒኩ ነው። መምህሩም ከሰላምታ በፊት ጠየቀኝ። እርስዎ ሃያ ዓመት ጠብቀው፣ ደብተሩን ከፊትዎ ባስቀምጠው እንደ ቆሻሻ ዕቃ ገፉት። የቸኮሉበትን ነገር ያልጠየቁኝ ያወቁት ስለሆነ ብቻ ነው።»

ሰዓት ሠሪው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እያለቀሰች ወጣች» አለ። «ለእሷ እንደነገራት ገባኝ። ከእኔ በፊት ለእሷ! ወጥቼ ጠየቅሁት፤ 'ቅዳሜ' አለኝ። ለእሷ ዛሬ፣ ለእኔ ቅዳሜ? ደረቱን ያዝኩት። ደረጃው ላይ እንደሆንን ረሳሁት።»

«አልነገራትም።»

«አሁን ነው የገባኝ።»

«ሐኪሙ ከወደቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ነፍሱ አልወጣችም ይላል። ሲወድቅ ወዴት ሄዱ፣ ጋሼ? ወደ እሱ ወይስ ወደ ደብተሩ?»

«ወደ ደብተሩ።»

ፖሊሶቹ ወሰዱት። ደረጃው ከእግራቸው በታች ሲንቋቋ ሁሉም አዳመጡ። መርማሪዋ ደብተሩን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እውነተኛውን ማንበብ የሚፈልግ ካለ፣ እስከ ምሽት ጊዜ አለኝ።»

መምህሩ ደብተሩን በሩቁ አየና ኮፍያውን አነሣ። «ሞቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለ። የትኛውን ሰው እንዳለ ማንም አልጠየቀውም። ወጣ።

«እማዬ፣ እንሂድ» አለች ልጅቷ። «ከጋሼ አፍ ከሰማሁት በኋላ አልፈልገውም።»

እናትየው የልጇን ነጠላ ትከሻዋ ላይ አስተካከለችላት፤ ፀጉሯን በእጇ ደባበሰች።

«አንቺ ሂጂና ታጠቢ፣ ትንሽ ተኚ። እኔ ልስማው። አንድም ቀን ምን እንደሚያስለቅስሽ አልጠየቅሁሽም።»

ልጅቷ ሄደች። እናትየው ቀረች።