የዶክተር ታዲዎስ ጥቁር መነጽር

ዶክተር ታዲዎስ ካዛንቺስ በሚገኘው ቤተ ሙከራው ወለል ላይ ወድቆ ሲገኝ ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ ነበር። ያወለቀለት የአስከሬን መርማሪው ነው። ከሥሩ ያለው ዓይን እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። አጠገቡ በነበረው ፔርሙዝ ውስጥ በቀረው የአብሽ ውሃም ጉበት የሚያበላሽ የቅጠል መርዝ ተገኘ።

ታዲዎስ የጉበትና የሐሞት ተመራማሪ ነበር። አብሽ ኮሌስትሮልን ከሐሞት ጋር ጠርጎ ያወጣ እንደሆነ ለማወቅ፣ መራራው ውሃ ያልተደፋ አብሽ በየቀኑ ራሱ ይጠጣ ነበር።

ባለቤቱ መነን ቂርቆስ ባለው ቤታቸው ለቅሶ ተቀምጣ አንድ ነገር ብቻ ታብሰለስል ነበር። አውቆ ጠጥቶት ይሆን? አልጋቸውን ትቶ ሳሎን መተኛት ከጀመረ ሰንብቷል። «የሚጋባ የዓይን በሽታ ነው፣ እንዳላስይዝሽ» ቢላትም አላመነችውም። ሰልችቼዋለሁ ብላ ነበር።

ኢንስፔክተር ሲምረት ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አብሹን የሚዘፈዝፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ማታ ማታ። ጠዋት ወደ ፔርሙዝ የሚገለብጠው ግን እሱ ነው። እኔ ሜክሲኮ ነው የማስተምረው፤ ቀድሜው እወጣለሁ።»

«ዱቄቱስ ከየት ይመጣል?»

«ከኔ ነው» አለ በር ላይ የቆመው ደቻሳ፣ የታዲዎስ የሥራ ባልደረባ። «ማለቴ፣ ተጨቃጭቀናል፣ አልክድም። አብሹ አይሠራም ብዬዋለሁ። ግን ከዚያው ዕቃ እኔም እኮ እጠጣለሁ! በቃ፣ ውሰዱና መርምሩት።»

«መነጽሩን አልጠየቅኸውም?»

«ኮምፒውተሩ ዓይኔን አቃጠለኝ አለኝ። ዘፋኝ ሆንክ እንዴ እያልኩ እቀልድበት ነበር . . .»

ታዲዎስን እንደ ልጇ ያሳደገችውና አብራቸው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ቡዜ ጥግ ይዛ ኩርምት ብላለች።

«እትዬ፣ እርስዎስ ምን አስተዋሉ?»

«ምን ላስተውል ልጄ! ዓይኑ እኮ መጥራት ጀምሮ ነበር። ተሻለው ስል . . .» ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

ሲምረት እጇን ልትታጠብ ጓሮ ወጣች። ቧንቧው ደርቋል። አጠገቡ ጀሪካንና ጆግ አለ።

«ውሃ በፈረቃ ነው» አለች ተከትላት የወጣችው መነን። «ታዲዎስን ጠዋት ጠዋት የምታስታጥበው እትዬ ነበረች።»

በሰልስቱ ዕለት፣ ለቀስተኛው ሲበተን፣ ሲምረት ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«የደቻሳ አብሽ ንጹሕ ነው፤ ቤተ ሙከራውም ውስጥ የቅጠሉ ርዝራዥ አልተገኘም። ስለዚህ ቅጠሉ የገባው እዚህ ቤት ነው። ታዲዎስ ራሱን አጠፋ እንዳንል፣ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዞ ነበር። የሐሞት ጠጠር ነበረበት። ሐሞቱ መውረጃ አጥቶ ነው ዓይኑ ቢጫ የሆነው። ሊሞት ያሰበ ሰው ደግሞ ለመዳን ቀጠሮ አይዝም።»

መነን ቀና አለች። «ታዲያ ለምን ደበቀኝ?»

«ለሐኪሙ የነገረው፣ የሚስቴ አባት የሞቱት በጉበት ነው፣ ከሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም፣ ከዳንኩ በኋላ እነግራታለሁ ብሎ ነው።»

መነን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ዓይኑን ከሁሉም ደብቋል» ቀጠለች ሲምረት። «ፊቱን ሲታጠብ ግን መነጽሩን ያወልቃል።» ወደ ቡዜ ዞረች። «እትዬ፣ ሌሎቹ ዓይኑን አሞት ነበር ነው ያሉኝ። መጥራት ጀምሯል ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። እንዲጠራ ጠዋት ጠዋት እያየ የሚጠብቅ፣ መድኃኒት የሰጠ ሰው ነው።»

ቡዜ ለመካድ አልሞከረችም።

«የወፍ በሽታ ነው ብዬ ነው እኮ! ባለመድኃኒቱ ለበሽተኛው ከተነገረው ይረክሳል አለኝ። አብሹም መራራ ነው፣ አይለየውም ብዬ፣ ልብሱን እስኪለብስ ፔርሙዙ ውስጥ ጨመርኩለት።» አንድ በአንድ አየቻቸው። «ልጄን እኔ ነኝ የገደልኩት?»

ደቻሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«መሄድ አለብን፣ እትዬ» አለች ሲምረት ቀስ ብላ።

መነን ተነሣች። በር ላይ ከተከመረው ጫማ መሐል የቡዜን ፈልጋ አመጣችና ተንበርክካ አጠለቀችላት። ቀና ሳትል ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ እውነት ዓይኑ መጥራት ጀምሮ ነበር?»

ቡዜ የመነንን ትከሻ ተደግፋ ተነሣች።

«እኔ እንደሱ ነበር የታየኝ» አለች።