ከሰል ያነጣው ሰም

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ቦንጋ ውስጥ ከላቀች መሥሪያ ክፍል ሰም ተሰረቀ። በሩ አልተሰበረም። መስኮቱም እንደተዘጋ ነው። ለፓተንት መሥሪያ ቤት ናሙና እንዲሆን ያስቀመጠችው፣ እንደ ወተት የነጣው ሰም ብቻ ከመደርደሪያው የለም።

ብዙም ሳይቆይ ሰም አንጥረው የሚሸጡት ጋሽ ውባየሁ ያንኑ የመሰለ ነጭ ሰም ይዘው ለመሥሪያ ቤቱ ተቃውሞ አስገቡ። "ሰም በሎሚ ማጠብም ውሃ በከሰል ማጣራትም የታወቀ ነው፤ ሁለቱን አጋጥሜ ነጭ ሰም ድሮም እሠራለሁ" አሉ። ፓተንት የሚሰጠው ማንም ለማያስበው አዲስ ፈጠራ ስለሆነ፣ ይህ ከታመነ ላቀች አታገኝም። የኬሚስትሪ መምህርነቷን ትታ የለፋችበት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

መርማሪዋ ሳጅን አብርሆት መጀመሪያ የጠረጠረችው አከራዩን ያህያን ነበር። የመሥሪያ ክፍሉ ትርፍ ቁልፍ የሚሰቀለው በእሱ ሱቅ ግድግዳ ላይ ነው።

"እኔ ያን ሰሞን ዋጫ ከተማ ሠርግ ላይ ነበርኩ" አለ። "ሱቁን የያዘችው ባለቤቴ ናት።"

"ቁልፉ አጠገብ ማን ይደርሳል?"

"ጋሽ ውባየሁ ናቸዋ! ወንበራቸው እኮ ቁልፉ ሥር ነው።"

ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አብርሆት ሰውየውን ወደ ላቀች መሥሪያ ክፍል አስጠራቻቸው።

"ልጄ፣ ሁለት የታወቀ ነገር ማጋጠም ምን ጥበብ ይጠይቃል? ሽሮና በርበሬ ቢገናኙ ፈጠራ ነው?"

"እንግዲያው ይሥሩልኝ።"

"አሁን?"

"አሁን። ሰፈፉም፣ ሎሚውም፣ ከሰሉም ይኸው።"

ከማንኪራ የሚመጣው ሰፈፍ፣ ገና ያልተነጠረው ሰም፣ ጭስ የጠገበ ጥቁር ነው። ሰም አንጣሪ ሁሉ ከልጅነቱ የሚነገረው ደግሞ ከሰል ከሰም አጠገብ እንዳይደርስ ነው፤ ያጠቁረዋላ። ውባየሁ ሰፈፉን በሎሚ ውሃ አፈሉት። እጃቸው የለመደ ነው። ከሰሉ ላይ ሲደርሱ ግን አመነቱ። ወዲያ ወዲህ አዩና ውሃውን ሳይደፉ ከሰሉን ጨመሩበት።

ድስቱ ውስጥ ጥቁር ጭቃ ቀረ።

"አንቺስ?" አለች አብርሆት ወደ ላቀች ዞራ።

"ማመልከቻዬ ገብቷልና ብናገረውም ችግር የለም። ከሎሚው በኋላ አቀዘቅዘውና ውሃውን እደፋለሁ። ሰሙን ለብቻው አቅልጬ፣ ጠብታ ውሃ ሳይቀርበት ነው ከሰል የማስነካው። ከሰሉ ጥቁረቱን ሲጠጣ አጣርቼ አወጣዋለሁ። እርጥብ ከሆነ ይቦካል።"

አብርሆት ወደ ሰውየው ተመለሰች። "ጋሽ ውባየሁ፣ ዕድሜዎን በሙሉ ሰም አንጥረዋል። ሁለቱም ነገር እጅዎ ላይ ነበር። ለእርስዎ ካልታየ ለማን ሊታይ ነው?"

ሰውየው ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ነጩ ገበያ ከወጣ የእኔን ጥቁር ማን ይገዛኛል? ቁልፉን አንስቼ ገባሁ። ሰሙ አጠገብ ሎሚና ከሰል አየሁ። ሌላ ነገር ያለው አልመሰለኝም።"

ተቃውሞአቸውን ዕለቱን አነሡ።

ውባየሁ በፖሊስ ታጅበው ሲወጡ ላቀች ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። "ሳጅን፣ የፈራሁት እኮ ስርቆቱን አይደለም። ምናልባት እውነታቸውን ይሆን? ማንም የሚያስበውን ነገር ነው እንዴ የሠራሁት? እያልኩ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።"

አብርሆት ጥቁሩን ድስት ለማስረጃ ታሽግ ነበር። "ማንም የሚያስበውማ ይኸው" አለቻት።

ላቀች ሆዷን ይዛ ሳቀች።