ዋስ ያጣ ስንብት

ሐምሌ ፳፩ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.፣ ዕለተ እሑድ፣ በአዲስ ከተማ ላይ የወረደው ዝናብ የኖኅን ዝናብ ካፊያ የሚያሰኝ ነበር፤ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሥር ወንዙ ድል እንዳደረገ ጦር እያጓራ ሲወርድ፣ ከላይ ሚኒባሶቹ በጎርፉ መካከል ተገትረው፣ ረዳቶቻቸው ተሳፋሪ መጥራቱን ትተው ሰማዩን ይራገሙ ነበር። በርበሬ በረንዳ ቀኑ እሑድ ነውና ሱቆቿን ዘግታለች፤ ዳሩ ግን ያች ገበያ ተዘግታም ቢሆን ሌሎች ገበያዎች ተከፍተው የማያደርጉትን ታደርጋለች፤ በደጇ የሚያልፈውን ሁሉ፣ ባለሥልጣንም ይሁን ለማኝ፣ ማዕረግ ሳትለይ ታስነጥሳለች።

በዚያች ገበያ ላይ ሠላሳ ዓመት የነገሡት እትዬ አስያ ነበሩ። ነገሡ የተባለው በከንቱ አይደለም፤ የማረቆ ዛላ ገና በማሳው ላይ ሳይቀላ ዋጋው በእትዬ አስያ ከንፈር ተቆርጦ ያድር ነበር፤ ጭነት ይዘው የሚመጡ ሾፌሮችም ከፖሊስ ኬላ ይልቅ የሚፈሩት የእርሳቸውን አፍንጫ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ አሽትተው በርበሬው የት እንደበቀለ፣ በየትኛው ሌሊት ዝናብ እንደነካው፣ ባለቤቱም ሲጭነው ምን ተንኮል ያስብ እንደነበር ይናገሩ ነበር። ይህ የተጋነነ የሚመስለው ሰው ቢኖር ጆንያ ፈትቶ ፊታቸው ቆሞ የማያውቅ ነው።

ነገር ግን በርበሬ ንጉሥ አያውቅም። ለሠላሳ ዓመት የማጉት አቧራ ደረታቸውን አሸፍቶባቸው፣ ሲስሉ ድምፁ እስከ ሦስተኛው ሱቅ ይሰማ ነበር፤ ጉልበታቸውም ደረጃ ባየ ቁጥር ይለምናቸው ጀመር። ለመንግሥት ሠራተኛ ጡረታውን መንግሥት ይቆርጥለታል፤ ለነጋዴ ግን የሚቆርጥለት ራሱ ነው፤ ካልቆረጠ በእርጅናው የልጁን ፊት እያየ ይውላል። እትዬ አስያ የሚፈሩት ሞትን አልነበረም፤ የሚፈሩት ለመድኃኒት መግዣ የሰው እጅ ማየትን ነበር፤ ያ እጅ ባንክ የምትሠራው የልጃቸው የሱሀይር እጅ ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ መላ መቱ፤ ቡታጅራ ላይ ሦስት የሚከራዩ ክፍሎች ያሉት ግቢ አገኙ፤ ከሻጩም ጋር ዋጋ ተነጋገሩ፤ ገንዘቡንም ከነጋዴዎቹ ዕቁብ ዕጣ ሲወጣላቸው ሊከፍሉ ቆረጡ። በኪራዩ ይኖራሉ፤ ማንንም አይለምኑም፤ ነገሩ ይኸው ነበር።

ከሱቃቸው ፊት ለፊት ደግሞ ጋሼ ይገረም ነበሩ። እኚህ የቅመማ ቅመም ጅምላ ሻጭ ከመንዝ የመጡ፣ ምላሳቸው ከሚጥሚጣቸው የሚፋጅ፣ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ የሚነቀነቅ ሰው ነበሩ። ጠባቸው የተጀመረው ከሃያ ዓመት በፊት፣ ይገረም በገበያ መካከል «አስያ በርበሬዋን ውኃ አርከፍክፋ ትመዝናለች» ያሉ ጊዜ ነው፤ እትዬ አስያም ሳይውሉ ሳያድሩ «እሱ ሸክላ ፈጭቶ ይቀላቅላል» ብለው መለሱ፤ ሁለቱም ውሸት ነበር፤ ሁለቱም ውሸት በመሆኑም ይቅር የሚባባሉበት ነገር አልነበራቸውም። በፊት አንቺና አንተ ይባባሉ የነበሩት፣ ከዚያ ወዲህ እርስዎ መባባል ጀመሩ፤ በመርካቶ እንዲህ ያለው አክብሮት ከስድብ ይከፋል።

ይህን ያህል እየተጠላሉ በአንድ ዕቁብ ውስጥ ነበሩ፤ እኔ ልውጣ የሚል ከመካከላቸው ጠፍቶ። ይባስ ብሎም አንዳቸው የሌላቸው ዋስ ነበሩ። የዕቁቡ ሕግ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ሲወስድ፣ እስከ መጨረሻዋ እሑድ መክፈሉን እንዳይተው ሱቅ ያለው አባል ዋስ ይጥራ ይላልና፣ የአስያን ሀብት ከይገረም፣ የይገረምን ሀብት ከአስያ አብልጦ የሚያውቅ አልተገኘም፤ የሰውን ጓዳ እንደ ጠላቱ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ማን አለ? በየዓመቱ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ይፈራረሙ ነበር።

እንግዲህ እትዬ አስያ የሠሩት ስሕተት ይህ ነው። ቅዳሜ ዕለት፣ ዕጣው ሳይወጣ፣ ገንዘቡም እጃቸው ሳይገባ፣ ስንብት አደረጉ። በግ አሳረዱ፤ ወዛደሩን ሁሉ አበሉ፤ ዱዓ አስደረጉ፤ ሱቁን በመስከረም ለአከራያቸው እንደሚመልሱ አወጁ፤ ያንን ጆንያ ሲጫንበት የማያቃስት ትልቅ ሚዛናቸውንም በረንዳ ላይ ሚጥሚጣ ለምትቸረችር ጸሎት ለምትባል ልጅ ሰጡ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ለወዛደሩ አዝነው ብቻ አልነበረም፤ ይገረም ከመንገዱ ማዶ ቆመው፣ እርሳቸው አሸናፊ ሆነው ሲወጡ እንዲያዩዋቸው ነበር። ይገረምም አዩ፤ ትከሻቸውም ተነቀነቀ።

እሑድ ዕለት ዕቁብተኛው ከሻይ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ተሰበሰበ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እንደ ነጋሪት ይደልቅ ነበር። የዕቁቡ ዳኛ ማሙሸት፣ ጆንያ በመሸጥ የከበረ፣ በዳኝነቱ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ግን አፈ ንጉሥ የሚያህል ሰው፣ ዕጣውን አወጣ፤ የእትዬ አስያ ስም ወጣ። ሱሀይር እናቷን ልታደርስ መጥታ በር ላይ ቆማ ነበርና ፊቷ በራ።

«እንኳን ደስ ያለዎት፤ ዋስዎን ይጥሩ» አለ ማሙሸት።

እትዬ አስያ እንደ ልማዳቸው ወደ ይገረም ዞረው ሳያዩ ጠበቁ። ይገረም ግን የሻይ ብርጭቋቸውን አዙረው ታቹን ይመረምሩ ነበር። ሌላውን ጠሩ፤ መነጽሬን ረሳሁ አለ። ሦስተኛው ለአማቹ ዋስ ሆኖ ከተቃጠለ ወዲህ እንደማለ ተናገረ። ያ ትናንት የበጋቸውን ጥብስ ሲያላምጥ «እናታችን» ይላቸው የነበረ ሁሉ ዛሬ ወለሉን ያጠና ጀመር፤ ሱቋን የመለሰች ሴት ከመስከረም ወዲያ በምን ትከፍላለች የሚለው ሹክሹክታም ክፍሏን ዞረ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት እሑድ አሳልፌ አውቃለሁ?» አሉ እትዬ አስያ።

«አያውቁም» አለ ማሙሸት፤ «ያኔ ግን ሚዛን ነበረዎት።»

ሱሀይር ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብላ፣ ሰው መጀመሪያ ገንዘቡን ይይዛል፣ ከዚያ ነው የሚሰናበተው፣ በጉም ቢሆን ሳምንት ይቆይ ነበር አለቻቸው። እናቲቱ ባንክሽ ሄደሽ ምከሪ ብለው አንገቷን አስደፏት። ልጅቱ የተናገረችው እውነት ስለነበረ ጨርሶ አልማሯትም።

በዚህ ጊዜ ይገረም ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ዋስ ያጣ ዕጣ በዕቁቡ ልማድ ይሸጣል፤ ገዢው የዛሬውን ይወስዳል፤ ሻጩ የገዢውን ተራ ይጠብቃል፤ ገዢውም ላስጠበቀበት ጭማሪ ይከፍለዋል። የይገረም ተራ የመጨረሻው ነበር፤ ዘንድሮ ከዕጣው ወጥተው በፈቃዳቸው መጨረሻውን ይዘው ነበር።

«ዕጣውን እኔ ልግዛዎ» አሉ፤ «የኔን ተራ ይውሰዱ፤ ጭማሪውን እዚሁ በስልክ እልክልዎታለሁ። ከጡረታ ሰው ጋር አልከራከርም።»

ያቀረቡት ጭማሪ ትንሽ አልነበረም። እትዬ አስያ አሰቡ፤ ያ ገንዘብ ለቡታጅራው ግቢ ቀብድ ይበቃል፤ ቀብድ የበላ ሻጭ ደግሞ የመጨረሻው ዕጣ እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ጡረታቸው ዘገየ እንጂ አልጠፋም። ሐሳቡ የሚነቀፍ አልነበረምና ተስማሙ። እዚያ ላይ ተነሥተው ወደ ቤታቸው ቢሄዱ ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ ነበር።

ማሙሸት ግን ሕጉን አንድም ቀን ዘልሎ አያውቅምና፣ «ጋሼ ይገረም፣ የእርስዎስ ዋስ?» አለ።

«የኔማ ዋስ ጡረታ ወጣች» አሉ ይገረም፤ ቤቱም ሳቀ። ሳቁን ሲሰሙ ያ የሃያ ዓመት እርስዎ ከአፋቸው ወደቀ። «እንግዲህ አስያ፣ ደህና ሁኚ። ብትፈርሚስ ምን ይሠራል? የጡረተኛ ፊርማ ቁንዶ በርበሬ መጠቅለያ ነው።»

እትዬ አስያ ተነሡ፤ ጉልበታቸው ያን ቀን ሳይለምናቸው ታዘዘ።

«ወረቀቱን አምጡት።»

«እማ» አለች ሱሀይር፤ እጅጌያቸውንም ያዘች።

«እትዬ አስያ፣ ልንገርዎ» አለ ማሙሸት፤ «ዋስ የሆነ ሰው ዕቁቡ እስኪያልቅ ሱቁን አይዘጋም።»

«ሱቄ መቼ ተዘጋ? ዛሬ እሑድ ስለሆነ ነው» አሉና ፈረሙ፤ ፊርማውም ወረቀቱን በስቶ ጠረጴዛው ላይ ታተመ። ቀና ብለውም ይገረምን ተመለከቱ፤ «አንድ እሑድ ብታሳልፍ፣ ወላሂ፣ ከነቆርቆሮው ነው ሱቅህን የማስነቅለው» አሉ። ክብራቸው ተመልሶ ነበር፤ ጡረታቸው ግን ወረቀቱ ላይ ቀረ፤ ይህንንም በዚያች ሰዓት የተረዱት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንደኛዋ ሱሀይር፣ ሁለተኛው ይገረም።

እትዬ አስያ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቀብዱን ለሻጩ ላኩ። ይገረም ደግሞ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ስልካቸውን አንሥተው፣ ከውጭ ቅመም ከሚያስመጣ ወዳጃቸው ላይ ቁንዶ በርበሬውን፣ ቅርንፉዱን፣ ቀረፋውን ሁሉ በሞላው ገንዘብ ገዙ። ብር ሊረክስ ነው የሚል ወሬ ከተነሣ ቆይቶ ነበር፤ ወሬውን መርካቶ ሁሉ ሰምቷል፤ ሁሉም ግን ሲሰማ የኖረውን ወሬ ንቋል። የናቁት ሰዎች በዓለም ላይ ካሉ ነጋዴዎች ሁሉ ብልሆቹ መሆናቸው ደግሞ አይካድም፤ ለዚህም ነው አወዳደቃቸው የከፋው።

ሰኞ ሐምሌ ፳፪ ቀን ማለዳ የብር ምንዛሬ ከዚያች ቀን ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንደሚወሰን ታወጀ። አዋጁ እስከ ምሳ ሰዓት በርበሬ በረንዳ ደርሶ ነበር፤ ከምሳ በኋላ ዋጋ የሚጠራ ሰው ጠፋ፤ ሸቀጥ ያለው ሁሉ አልሸጥም አለ፤ ብር ያለው ሁሉ ብሩን እንደ ትኩስ ድንች ከእጅ ወደ እጅ አገላበጠ። የቡታጅራው ሻጭም የሕግ ሰው ነኝ ብሎ፣ ውሉን አፍርሶ የበላውን ቀብድ እጥፍ አድርጎ መለሰላቸው፤ ግቢው ካወጣው አዲስ ዋጋ አንጻር ያ እጥፍ የጉንዳን ንክሻ እንኳ አያህልም ነበር። እትዬ አስያ ማክሰኞ ዕለት ወደ ሚጥሚጣ ቸርቻሪዋ ጸሎት ሄደው ሚዛናቸውን ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ልጅቱ ግን ሚዛኑን እንደ ውድ ዕቃ ጨርቅ አልብሳው አዩና ደህና ዋልሽ ብቻ ብለው ተመለሱ። አዲስ ሚዛን ገዙ፤ በአዲሱ ዋጋ።

ይገረምስ? ይገረም በግ አላረዱም፤ ዱዓም ጸሎትም አላስደረጉም፤ ለማንም አልተናገሩም። ቅመሙን ጥቂት በጥቂት እያወጡ በየሳምንቱ በሚያሻቅበው ዋጋ ሸጡ፤ ከዚያም አንድ ማለዳ በወንበራቸው ላይ የእኅታቸው ልጅ ተቀምጣ ታየች። ጋሼ የት ናቸው ለሚላት ትንሽ አሟቸው ነው ትል ነበር። ሕመማቸው ቡታጅራ ላይ ባለ ሦስት ክፍል ግቢ ነበር፤ ያው እትዬ አስያ የተመኙት፣ ከዚያው ሻጭ የገዙት። ወሬው ለእትዬ አስያ የደረሳቸው ዛላ በጫነ ሾፌር አፍ ነው፤ ሾፌሩ ግቢው ውስጥ ይገረም እግራቸውን በለብ ያለ ውኃ ነክረው እንዳያቸው ነገራቸው። እትዬ አስያ ያን ቀን የሾፌሩን ጭነት ውኃ ነክቶታል ብለው መለሱት፤ አልነካውም ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀራቸው ተስፋ አንድ ብቻ ሆነ፤ ይገረም አንዲት እሑድ እንዲያሳልፉ። አላሳለፉም። ክፍያቸው በየሳምንቱ ከሁሉ ቀድሞ በስልክ ይገባ ነበር፤ ሁልጊዜም ከገንዘቡ ጋር «ዋሴ እንዳይሰጉ» የሚል ቃል ይመጣል፤ ማሙሸትም ዳኛ ነውና ጮክ ብሎ ያነብበዋል። በ፳፻፲፯ የመጨረሻው ዕጣ ለእትዬ አስያ ሲደርስ ገንዘቡ ሙሉ ነበር፤ ከተባለው አንዲት ሳንቲም አልጎደለም፤ የሚገዛው ግን ከሦስቱ ክፍሎች አንዷን ነበር፤ እርሷንም ያለ ጣሪያ። ሱሀይር እኔ ጋ ይኑሩ አለቻቸው፤ እርሳቸው ግን ለአዲስ ዕቁብ ተመዘገቡ።

ያችን ሰኞ የታሪክ ሰዎች ጽፈዋታል፤ ምሁራኑም ከነሥዕላዊ መግለጫው ተከራክረውባታል፤ ዕዳው፣ ምንዛሬው፣ የዋጋው ንረት፣ ሁሉም ስም አግኝቷል። ስለ ዋዜማዋ እሑድ ግን የጻፈ የለም። ከዚያ እሑድ የተረፈው አንድ ልማድ ብቻ ነው፤ ዛሬ በበርበሬ በረንዳ ጡረታ የሚወጣ ሰው አይናገርም፤ በወንበሩ ሌላ ሰው ሲቀመጥ ብቻ ይታወቃል። ወጣቶቹ ነጋዴዎች ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ ከአባቶች የወረደ ነው ይላሉ። በራሳቸው ኪሳራ ያወረዱት ሴት ግን እዚያው አጠገባቸው፣ ከአዲሱ ሚዛን ኋላ ተቀምጠው ይስላሉ፤ የሚጠይቃቸውም የለም።